ከዝቅተኛ መኪና ሥር የሚገባ ክሪክ

ጡረታ የወጣሁት በደብዳቤ አይደለም፤ ያሰናበተኝ ጉልበቴ ነው። አንድ ቀን ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቼ ካምቢዮ ስፈታ ዋልኩና ሥራው ሲያልቅ መነሳት አቃተኝ። ሁለት ሰዎች እግሬን ይዘው እንደ እህል ጆንያ ጎትተው አወጡኝ። ያየ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ለባለቤቴ «በቃኝ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። ክርስቲያን ናት፤ ነገር ግን ወሎ ተወልዶ ይህን ቃል የማያውቅ አፍ የለም።

መፍቻዎቼን በዘይት ወልውዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ጋራዡን አብረውኝ ለቆዩ ሁለት መካኒኮች አስረከብኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ፀሐይ እየሞቅሁ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ መመርመር ሆነ። «የዚህ ፍሪሲዮኑ አልቋል»፣ «የዚያኛው ማርሚታው ተበስቷል» እያልኩ ማንም ያልጠየቀኝን እናገራለሁ። በደህና ዘመኔ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አጠገቤ ሲቆም ደሜ ይፈላ ነበር።

ወር እንኳ ሳይሞላኝ የሰይድ ልጅ ሉባባ መጣች። ሰይድ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የሠራ መካኒክ ነው። የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ካጣ ወዲህ ሙያውን ትቶ መናኸሪያው ጥግ ላይ የሞተር ዘይትና ጉሚኒ ይሸጣል። ሉባባ የመጀመሪያ ልጁ ናት። ጅዳ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ታናናሾቿን አስተምራ፣ የአባቷን ቤት ቆርቆሮ ቀይራ በቅርቡ ነው የተመለሰችው።

«ጋሼ ይመር፣ እንዴት አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴ እሱ ራሱ ጡረታ ወጥቷል። አንቺስ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። ለመኪናዬ ክሪክ እንዲመርጡልኝ ነው የመጣሁት።»

መኪናዋን ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ነጭ ናት፣ ትንሽ ናት፣ እውነት ለመናገር ቆንጆ ናት። ሉባባ ገና ጅዳ ሳለች በፎቶ አይታ ነው የገዛቻት፤ ፎቶ ደግሞ የመኪናን ቁመት አይናገርም። ቀድሞ አዲስ አበባ ይነዳት የነበረ ጎረምሳ አራቱንም ሞላዎቿን አስቆርጦ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ትቷታል። አስፋልት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ጌጥ ነው። ለእኛ መንገድ ግን ጌጡም ሞላውም አይበቃም። እስከ አቀስታ እንደምንም በራሷ መጣች፤ ከአቀስታ ወዲህ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ነው መካነ ሰላም የገባችው። መኪና ተሳፍራ የመጣች መኪና አይተን ስለማናውቅ መናኸሪያው ለሁለት ቀን ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«ምን ያደርግልሻል ክሪኩ?» አልኳት።

«ረጃጅም ሞላ አስመጥቻለሁ። እሱ ሲገባላት ከፍ ትላለች፤ ከፍ ካለች እዚሁ እነዳታለሁ። ግን ሞላውን ለመቀየር መጀመሪያ መነሳት አለባት። የከተማው ክሪክ ሁሉ ተሞከረ፤ አንዱም ከሥሯ አልገባ አለ። ሰዎች 'አሥር ወንድ ጠርተን በእጅ እናንሳት' ሲሉ አባቴ ተቆጣ።»

ከዚህ በኋላ ያለችኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«'ይመር የመረጠው ክሪክ ካልሆነ ማንም ሰው ከዚች መኪና ሥር እጁን አያስገባም' ብሎ ማለ።»

ሉባባ እምቢ የምላት መስሏት ልመናዋን ቀጠለች። እኔ ግን በሆዴ የምጠይቀው ሌላ ነበር። ሰይድ ስለ ክሪክ የሚያምነው ሰው ቢፈልግ፣ በዚህች ከተማ የመጨረሻው ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

ሙያውን የተማርኩት ኩታበር ነው፤ ጋሼ ሙሄ ከሚባሉ መካኒክ። አጭር፣ ቀይ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ስገባ በጭነት መኪና ረዳትነት ብዙ መንገድ ስለዞርኩ መኪና የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የተበላሸ መኪና መጣና መፍቻ ይዤ ዘው ስል ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። «መጀመሪያ ተኝተህ እያት» አሉኝ። እሳቸው መኪና ሳይነኩ በፊት መሬት ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ። ጉንጫቸውን አፈር ላይ አድርገው ከጎን ሆዷን ያያሉ። የቱ ጋ ዝገት አለ፣ የቱ ጋ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ክሪኩ የቱ ላይ ያርፋል፣ ይህን ሁሉ ተኝተው ነው የሚጨርሱት።

የሚለኩት በእጃቸው ነበር። ጭብጣቸውን አቁመው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ይቀስራሉ፤ ይህ ካለፈ ተራ ክሪክ ይገባል ማለት ነው። አውራ ጣት ታጥፎ ጭብጥ ብቻ ካለፈ ሌላ ዘዴ ይፈለጋል፤ መሬቱ ተቆፍሮ ለክሪኩ ጉድጓድ ይበጅለታል። ከጭብጥም ካነሰ፣ «ዛሬ አትነሳም፤ ነገ በቀን እናስብባት» ይላሉ። ባለ መኪናው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢሄድባቸውም ቃላቸው አይለወጥም።

መኪና ከተነሳ በኋላ ደግሞ በክሪክ ብቻ አያምኑም። ከድሮ መኪና ብረት ራሳቸው የበየዷቸው አራት ካቫሌቶዎች ነበሯቸው፤ ሦስት እግር ያላቸው መደገፊያዎች ናቸው። መኪናዋን በነዚያ ላይ ያሳርፏትና በዳሌያቸው ሦስት ጊዜ ይገፏታል። ካልተነቃነቀች ይገባሉ። አዲስ ክሪክ ሲገዙ ደግሞ መኪና አንስተውበት ከመሬት እስከ መኪናው ሆድ በሰንበሌጥ ይለኩና ሰንበሌጡን በልኩ ቆርጠው መኪናውን ይተዉታል። ሻይ ጠጥተው፣ ሶላታቸውን ሰግደው ይመለሱና ሰንበሌጡን እንደገና ያቆሙታል። ሰንበሌጡ ከጎበጠ መኪናው ዝቅ ብሏል ማለት ስለሆነ ክሪኩን ለባለ ሱቁ ይመልሳሉ።

የኩታበርን ሰው ያስቀየመው ግን ሌላው ልማዳቸው ነው። መኪና ክሪክ ላይ ሳለ ሰላምታ አይመልሱም። አረንጓዴ ፎጣቸውን የጋራዡ በር ላይ ይሰቅላሉ። ፎጣው እዚያ ካለ የመጣው ማንም ይሁን ማን፣ ዳኛም ሆነ ሼህ፣ ቆሞ ይጠብቃል። እኛ አገር ሰላምታን አለመመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አልነግረውም። ሰላምታችን ራሱ ረጅም ነው፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሁሉ ይጠየቅበታል። ጋሼ ሙሄ መኪናዋ ከወረደች በኋላ እጃቸውን ታጥበው ይወጡና ሰላም ያሏቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ አንዳንዴ ቤታቸው ድረስ ሄደው ይመልሳሉ። ብዙ ሰው ግን «ሙሄ ኮርቷል» ይል ነበር። እኔም በልቤ የሽማግሌ ጠባይ ነው እል ነበር። ከእሳቸው የተማርኩትን ሁሉ ይዤ ስሄድ ይህችን አንዷን ጥያት ሄድኩ።

ከኩታበር ወጥቼ መቅደላ አካባቢ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ከመኪና ይልቅ ወረቀት የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቡሎን ለመውሰድ ሦስት ቦታ እንፈርማለን፤ መኪናው ቆሞ ዝናብ ሲበላው ግን የሚፈርም የለም። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ቀኑን አያሳልፍም። ሰይድን ያገኘሁት እዚያ ነው። ቀጭን፣ ተጫዋች፣ እጁ እንደ ሐኪም እጅ የጠራ መካኒክ ነበር። ጨለማ ውስጥ ዳዶ በጣቱ ዳስሶ ቁጥሩን ይነግርሃል። ክፉ ቀናችንን ያሳጠረልን ቀልዱ ነበር። አለቃችን ሲመጣ «ይመር፣ ለመተንፈስ ፈርመሃል?» ይለኝ ነበር።

በዚያ ካምፕ የነበሩት መኪኖች ሁሉ ትልልቅና ረጃጅም ነበሩ። ችግራችን ሁልጊዜ የክሪክ ማጠር ነው። እላዩ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ ቆርጠን እንደርባለን፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ እናነጥፋለን። ክሪክ ረዝሞ አልገባም ይላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ካምፑ ሲዘጋ እኔና ሰይድ መካነ ሰላም መጥተን የራሳችንን ጋራዥ ስንከፍትም የያዝነው ያንኑ የካምፕ ሐሳብና ለጭነት መኪና የሚሆን አንድ ቁመታም ክሪክ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ቀን ደረስኩ።

ጥር ነበር፣ የገበያ ቀን። ከደሴ የተከራየች አንዲት አሮጌ መኪና ሙሽሮችና ሚዜዎች ጭና ስትመጣ ገበያው ጫፍ ላይ የኋላ ጎማዋ ፈነዳ። ሞላዋ ድሮ የሞተ ነው፣ ሰው በዝቶባታል፣ ጎማዋ ደግሞ ተኝቷል። እኔና ሰይድ ክሪካችንን ተሸክመን ደረስን። ጭብጤን ከሥሯ ላስገባ ስል ጭብጤም አላለፈም። የቆመችበት ቦታ አለት ስለሆነ አይቆፈርም። ሃምሳ እርምጃ ገፍተን ብናወርዳት አፈር ነበር። ጋሼ ሙሄ ቢሆኑ ሙሽሮቹን በእግር ሰደው መኪናዋን አፈር ላይ ያወርዷት ነበር። ሚዜዎቹ ግን «ድግሱ ይበላሻል፣ ቶሎ በሉ እንጂ» እያሉ ያጣድፉናል፣ ሕዝቡም ከቦናል።

እኔ ነኝ «ወንድ የለም እንዴ እዚህ? በእጅ እናንሳት!» ያልኩት። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ገቡ። የኋላዋን ግራ ማዕዘን ራሴ ያዝኩ። ሰይድ ተኝቶ፣ እኛ ስናነሳ ክሪኩን ሊያስገባ ተዘጋጀ። «ያ አላህ! ያ ማርያም!» ብለን አነሳን። ተነሳች። ሰይድ ክሪኩን ገፍቶ አስገባና የክሪኩን ራስ ከመኪናዋ ብረት ጋር በጣቶቹ ያስተካክል ጀመር።

በዚያች ደቂቃ አንድ በአገሩ የተከበሩ ሼህ በበቅሎ ከኋላችን መጡ። «አሰላሙ አለይኩም ጀማው!» አሉ።

እኔ ማሰብ አላሰብኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሼህ ሳይ እጆቼ የሚሄዱበት ቦታ አላቸው። ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሙሉ ድምፄ «ወአለይኩም አሰላም አባ፣ እንዴት ዋሉ!» አልኩ። ከሁሉም በፊት የመለስኩት እኔ ነበርኩ። የያዝኩት ማዕዘን ባዶ ሲቀር ክብደቱ አጠገቤ ወደነበሩት ዞረ፤ ከእነሱም ግማሾቹ ለሰላምታ ቀና ብለው ነበር። መኪናዋ ወረደች።

ሰይድ ድምፅ አላሰማም። ያሰማነው እኛ ነን። እንደገና ስናነሳት እጁን አወጣው፤ አመልካች ጣቱና የመሃል ጣቱ ከእንግዲህ ጣት አልነበሩም። ከሚዜዎቹ ጋር ወርዳ ጥግ ቆማ የነበረችው ሙሽራ ነጠላዋን ቀድዳ ሰጠችን፣ በሱ ጠቀለልነው። ሼሁ ከበቅሏቸው ወርደው ሙሽራዋን በቅሎው ላይ አስቀመጧት፤ ሙሽራው ልጓሙን ይዞ በእግሩ ወደ ሠርጉ ቤት ሄደ። ጎማው ተቀየረና የሙሽሮቹ መኪና ሰይድን ወደ ሐኪም ቤት ወሰደች።

በሳምንቱ ሽማግሎች ተሰብስበው ነገሩን ጠየቁ። «ማን ነው ቀድሞ የለቀቀ?» አሉ። የነበረው ሰው ሁሉ «ሁላችንም ነን፣ አላህ ያመጣው ነው» አለ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «አላውቅም፤ ሁላችንም ነን» አልኩ። ሰይድ እጁ እንደታሰረ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ሕመሙ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ጋሼ ሙሄ ወሬውን ሰምተው ሽምግልናቸው ሳይከለክላቸው ከኩታበር መጡ። የሰይድን እጅ አገላብጠው አዩ፣ ዱዓ አደረጉለት። እኔን ምንም አልጠየቁኝም። ሊሄዱ ሲሉ ያንን አረንጓዴ ፎጣ ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። ታጥፎ ከመሣሪያዬ ሣጥን ግርጌ ተቀመጠ፤ ጋራዤ በር ላይ ሰቅዬው አላውቅም። ባየሁት ቁጥር ስለሚያሳፍረኝ ነው። ልማዱን ግን ያዝኩት፤ ከዚያ ቀን በኋላ መኪና ተነስቶ ሳለ ለማንም አፌን አልከፈትኩም። ስለ እኔም «ይመር ኮርቷል» ተባለ።

ሰይድ በሦስት ጣት መካኒክ መሆን እንደማይቻል ለማረጋገጥ አንድ ዓመት ታገለ። ከዚያ ሱቁን ከፈተ። ሱቁ ቤቱን በደንብ አልመገበም። ሉባባ አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ ጅዳ የሄደችው ለዚህ ነው፤ ማንም ባይነግረኝም አውቀዋለሁ። ዘይት ከሱ ነው የምገዛው፣ ሰላም እንባባላለን፣ በበዓል እንጠያየቃለን። ነገር ግን እንደ ካምፑ ጊዜ በቀልድ ነክቶኝ አያውቅም። እኔም በሱቁ ፊት ሳልፍ እርምጃዬ ይፈጥናል።

እንግዲህ ሉባባ ስትመጣ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። «እሺ» አልኳት። ክሪኩን በደንብ እመርጣለሁ፣ ሳስረክበውም እውነቱን ለሰይድ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

መጀመሪያ መኪናዋን ልለካ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። እንደምንም በሆዴ ተኛሁ፣ ጉንጬን አፈር ላይ አደረግሁ። በበሩ ሥር ጭብጤ እየተፋተገ አለፈ። ፊት ለፊት፣ ክሪክ ሊያርፍበት የሚገባው ወፍራም ብረት ጋ ግን ያለፈው የተጋደሙ አራት ጣቶች ብቻ ነው። በሜትር ሲለካ ዘጠኝ ሳንቲሜትር አልሞላም። ሰይድ ከበላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «በእኔ እጅ ብትለካ ሁለት ጣት ጎድሎብህ የሚገባ ክሪክ አታገኝም» አለ። ልስቅ ፈለግሁ፣ አልሳቅሁም። ስለ እጁ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም።

ከሉባባ ጋር በሚኒባስ ደሴ ወረድን። መንገድ ላይ ስለ ጅዳ አወራችልኝ፤ ስለ ቀዝቃዛው ቤትና ስለ ሙቁ ደጅ፣ የማታውቀውን ሰው ልጅ ታጥብ ስለ ነበረበት ጊዜ። «መኪና የገዛሁት ሀብታም ለመምሰል አይደለም» አለችኝ። «ስምንት ዓመት ሰው በፈለገበት ሲወስደኝ ኖሬያለሁ። አሁን በፈለግሁበት ልሂድ ብዬ ነው።»

ደሴ መሣሪያ መሸጫ ገብተን ዝቅ ያለ፣ ባለ ጎማ ክሪክ እንፈልጋለን ስንል ሻጩ ትልቁን እየጎተተ አመጣ። «አባባ፣ ይሄ አውቶቡስ ያነሳል» አለኝ። አውቶቡስ የለንም አልኩት። ክብደት የማንሳት ኃይል ሰውን ያታልላል። ትንሿ መኪና ጉልበተኛ ክሪክ አትፈልግም፤ የምትፈልገው ከሥሯ የሚገባላትን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ የክሪኩ ራስ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። አራት ጣቶቼን አጠገቡ አጋደምኩ። ሦስት ክሪኮች ከአራት ጣት በታች ሆኑ፣ ሌሎቹን አስመለስኳቸው።

አንደኛው ቀይ፣ አንገቱ አጭር ነው። ገብቶ ከበሩ ሥር ሊያነሳ ይችላል፤ ከፊት ግን ከፓራውልቱ አልፎ ወፍራሙ ብረት ድረስ አይደርስም። ደግሞ ዝቅ ማለቱን ብቻ አይቶ መግዛት ስሕተት ነው። ዝቅ ያለ ክሪክ ብዙ ጊዜ ከፍ አይልም፤ ከፍ ካላለ ደግሞ ካቫሌቶ ከሥር አይገባም። እጀታውን እየተጫንኩ እስከ መጨረሻው አነሳሁት፤ የክሪኩ ራስ ከጉልበቴ በታች ቀረ። ተውኩት።

ሁለተኛው ቀላል ብረት ነው፣ ሉባባ በአንድ እጇ አነሳችውና ወደደችው። አንገቱ ረጅም፣ ከፍታውም ደህና። ደጅ የሻጩ ወንድም ሚኒባስ ቆሞ ስለነበር በሱ ይሞከር አልኩ። ሻጩ ፊቱን አኮማተረ፤ ሉባባ ግን «አባቴ በእኚህ ሰውዬ እጅ ነው የላከኝ፣ እሳቸው ያሉት ይሁን» አለች። አነሳነው፣ ከመሬት እስከ ሆዱ በሰንበሌጥ ለካሁና ሻይ ልንጠጣ ሄድን። ስንመለስ ሰንበሌጡ አልጎበጠም። ሲወርድ ግን መልቀቂያውን ገና በጥቂቱ ሳዞር ሚኒባሱ ዘጭ ብሎ ወረደ። እንዲህ ያለውን ክሪክ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይግዛው። ሉባባ ከልቧ ቅር እያላት መለሰችው።

ሦስተኛው ጥቁር፣ ከባድ፣ መልኩም የማያምር ነው። ለማጓጓዝ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንገቱ ግን ረጅም ነው፣ ራሱ ላይ ወፍራም ጎማ አለው። በሰንበሌጥም ተፈተነ፣ አልተነቃነቀም። መልቀቂያውን ሳዞር ሚኒባሱ ቀስ እያለ፣ ስትፈልግ እየቆመ ወረደ። ትንንሽ የብረት ጎማዎቹ በእኛ ጠጠር ላይ እንደማይሽከረከሩ ስለማውቅ ከሥሩ የምናነጥፈው ወፍራም ጣውላ አስቆረጥኩ። መኪናዋም በዚያው ጣውላ ላይ ትወጣለች፤ አለበለዚያ ጣውላው ክሪኩን ብቻ ከፍ አድርጎ ያለችንን አራት ጣት ይበላብናል። ሁለት ካቫሌቶም አስገዛኋት። «ገንዘብ ቢያጥርሽ ከካቫሌቶዎቹ ሳይሆን ከክሪኩ ቀንሺ» አልኳት። ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ለሰይድ የምለውን ቃል ሳሰናዳ መጣሁ። ደርሼ ክሪኩን ሳስረክበው ግን «ከባድ ነው፣ ግን ታማኝ ነው» ከማለት ሌላ አልወጣልኝም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሞላውን የሚቀይሩት ሁለቱ መካኒኮች መጡ። እኔ ከሣጥኔ ግርጌ አረንጓዴውን ፎጣ አውጥቼ የሰይድ ግቢ በር ላይ ሰቀልኩት። ሰይድ ፎጣውን አየው። የጋሼ ሙሄን ነገር በካምፑ አጫውቼው ስለነበር መካነ ሰላም ውስጥ ትርጉሙን የሚያውቁት እኔና እሱ ብቻ ነን።

ሉባባ መኪናዋን እየነዳች ጣውላዎቹ ላይ አወጣቻት። ጥቁሩ ክሪክ ከፓራውልቷ ሥር ገባ፣ ጣት በምታህል ክፍተት። ሉባባ እጀታውን ራሷ ያዘች። አንዴ ተጫነች፣ ሁለቴ ተጫነች፤ ነጯ መኪና አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ሰይድ መሬት ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ አንዱን ካቫሌቶ ይዟል። በሦስት ጣቱ ደግሞ ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይዳስሳል። ተው ልለው ነበር።

በዚያ መሃል በአጥሩ በኩል አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ሲያልፉ በክፍቱ በር አዩን። «አሰላሙ አለይኩም ጀማው!» አሉ።

ማንም አልመለሰም። ሉባባ አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ በዓይኑ አቆማት። እኔ እጆቼ ወደ ደረቴ ሊሄዱ ሲሉ ተሰማኝና መኪናዋን አጥብቄ ያዝኩ፤ ክሪኩ ይዟት ሳለ የእኔ መያዝ ምንም የማይጨምር ቢሆንም። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንደኛው ካቫሌቶ ገባ። ሁለተኛውም ገባ፤ ሰይድ እጁን ከሥሯ አወጣ። ሉባባ መልቀቂያውን ቀስ አድርጋ አዞረች፣ መኪናዋ ብረቶቹ ላይ ተቀመጠች። በዳሌዬ ሦስት ጊዜ ገፋኋት። አልተነቃነቀችም። ሰይድ እጁን አራገፈና ቀና ብሎ አየኝ።

«በል ይመር፣ አሁን መልስላቸው። ሰላምታ በመመለስስ መቼም አንተን የሚቀድም የለም።»

ሁለቱ መካኒኮች የተባለው አልገባቸውም፣ ሉባባም አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ሥሯ ተኝቼ ነበር እንጂ ደንቁሬ አልነበረም። ያንን ድምፅህን በካምፕ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ያኔ፣ ሽማግሎቹ ሲጠይቁ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ። ዛሬ ይለኛል፣ ነገ ይለኛል እያልኩ ስጠብቅ ይኸው ልጄ አድጋ መኪና ገዛች።»

«እኔ ነኝ ሰይድ» አልኩት። «ቀድሜ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። ይቅር በለኝ።» ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ያሰናዳሁት ረጅም ንግግር ይህን ብቻ ሆኖ ወጣ። አለቀስኩም፤ መደበቅ አልፈልግም።

ሰይድ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋልኝ። ሊነሳ መስሎኝ ያዝኩት፣ በሦስቱ ጣቶቹ አጥብቆ ያዘኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ካልሆነማ በአንተ ክሪክ ሥር መቼ እጄን አስገባ ነበር?» አለ። ከዚያ እጄን ለቀቀና ወደ በሩ ገፋኝ። «ሂድ እንጂ! ሰውዬው እየራቁ ነው።»

ጉልበቴን እየጎተትኩ ወጣሁ። ሽማግሌው መታጠፊያው ጋ ደርሰዋል። ፎጣውን ከበሩ አወረድኩ፣ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ወአለይኩም አሰላም አባ! እንዴት ዋሉ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ብለው ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉልኝ። ሰይድም ተከትሎኝ ወጥቶ ኖሮ ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁት፤ እሱም እየመለሰ ነበር።